ከመጠለያ ያመጣናት ድመት 9 ቀን ሙሉ ከአልጋ ሥር አልወጣችም፤ ምን ላድርግ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ድመት ያሳደገ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው የምጽፈው።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ባለ 2 መኝታ አፓርትመንት ውስጥ። የ7 ዓመት ልጄ ዓመት ሙሉ "ድመት፣ ድመት" ስትለኝ ከርማ ከ9 ቀን በፊት ቅዳሜ ዕለት ከካውንቲው የእንስሳት መጠለያ አንዲት ድመት አመጣን። 4 ዓመቷ ነው። ግራጫ ናት፣ ደረቷ ላይ ነጭ አላት። አሳዳጊዋ አርጅተው ወደ አረጋውያን ማቆያ ሲገቡ ነው መጠለያ የገባችው አሉን፤ እዚያም 2 ወር ያህል ቆይታለች። መጀመሪያ ስናያት ጥግ ይዛ ኩርምት ብላ ነበር። ልጄ ጣቷን ስታስጠጋላት ግን አሸተተቻትና ግንባሯን አስነካቻት። በዚያው ልባችን ሄደ፣ ወሰድናት።

ቤት እንደገባን መያዣ ሳጥኗን ሳሎን መሃል አስቀምጠን ከፈትነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሳምንቷ ስለነበር እንኳን ደህና መጣሽ የሚሉ ሰዎች ቤቱን ሞልተውት ነበር፣ ቡና እየተቆላ፣ ዕጣኑም እየጨሰ። ድመቷ ተስፈንጥራ ወጣችና ቀጥ ብላ እኛ መኝታ ቤት ገባች። አልጋው ሥር ወደ አገር ቤት የሚሄድ ዕቃ የያዘ ትልቅ ሻንጣ አለ። በሻንጣውና በግድግዳው መሃል ሽጉጥ አለች። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

ምግቧን ሌሊት ትበላለች፤ ጠዋት ሳህኑ ባዶ ነው። ሊተሯንም (የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሣጥን) ትጠቀማለች። ግን በቀን ብርሃን አንድም ጊዜ አላየናትም። በባትሪ ሳበራ ሁለት ዓይን ብቻ ነው የሚታየኝ። ባለፈው ሐሙስ ባለቤቴ አልጋውን ስቦ ሊያወጣት ሲሞክር ፍሽሽ ብላ እጁን ቧጨረችው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሊት ምግቧን በግማሽ ተወችው። እሱ አሁን "ከእኛ ጋር አልተስማማችም፣ ብንመልሳት ለሷም ይሻላታል" ይላል። እናቴ ደግሞ "ወተት ስጧት፣ ወተት ያልቀመሰች ድመት እንዴት ትላመዳለች" ትለኛለች። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ "ውርዬ ነይ፣ ውርዬ ነይ" እያለች ትጠራታለች፣ ስታጣት ታለቅሳለች።

እኔን ያስጨነቀኝ እየጎዳናት ይሆን የሚለው ነው። ጎትቼ ላውጣት? ልተዋት? ስንት ጊዜ ነው የሚጠበቀው? ያለፈበት ሰው እባካችሁ ንገሩኝ።

ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። በእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 6 ዓመት አልፎኛል፤ ይህን ጥያቄ የማንሰማበት ሳምንት የለም። የምትበላ፣ የምትጠጣ፣ ሊተሯን የምትጠቀም ድመት 9 ቀን ብትደበቅ ጠላችን ማለት አይደለም። ፈርታለች፣ በቃ።

ከሷ በኩል ሆነሽ እዪው። ለዓመታት ከአንድ ሽማግሌ ሰው ጋር ጸጥ ባለ ቤት ኖረች። አንድ ቀን ያ ሰው ጠፋ። ቀጥሎ የውሻ ጩኸት የሚሰማበት፣ ሽታው ሁሉ የሌላ የሆነ ቦታ ገባች። ያንን መልመድ ስትጀምር ደግሞ በሳጥን ተጭና ሰው የሞላበት ሳሎን ተለቀቀች። ለድመት ደግሞ ቦታውና ሽታው ራሱ ነው ቤቷ። አሁን ቤቷ ያ ከሻንጣው ኋላ ያለው ጥግ ብቻ ነው፤ እሱን ብትነጥቋት ምንም አይቀራትም።

መጠለያዎች ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር የሚሉት ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ድንጋጤው ነው፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ትይዛለች፣ ቤቴ ነው ለማለት 3 ወር ያህል ይፈጅባታል። ሕግ አይደለም፣ ግምት ነው። ትልልቅ ድመቶች፣ በተለይ አንድ ሰው ብቻ የለመዱት፣ ከዚህም ሊዘገዩ ይችላሉ። ስለዚህ 9 ቀን ገና ነው።

ጎትተሽ አታውጫት፤ ባልሽም ሁለተኛ እንዳይሞክር። ሐሙስ የሆነውን ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ፣ ምግቧን የቀነሰችው በዚያ ነው። እንዲያውም መኝታ ቤቱን ለጊዜው የሷ ክፍል አድርጉላት። ብዙ ጊዜ የምንመክረው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዲት ትንሽ ክፍል ብቻ መስጠት ነው፤ ግማሹ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ሳሎን ላይ ይለቃታልና ራስሽን አትውቀሺ። ሊተሯን አንድ ጥግ፣ ምግብና ውኃዋን ደግሞ ከሱ ራቅ አድርጊ፤ የሚበሉበትና የሚጸዳዱበት ቦታ ጎን ለጎን ሲሆን አይወዱም። ጥፍሯን የምትሞርድበት እንጨትም እዚያው ይሁን።

ከዚያ ካርቶን ፈልጊ። ተራ ካርቶን፣ በጎኑ የተጋደመ፣ ውስጡ አንቺ የለበስሽው ያልታጠበ ሹራብ ያለበት። ቀልድ እንዳይመስልሽ። በ2014 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ነበር፤ አዲስ መጠለያ ከገቡት ድመቶች ለከፊሎቹ መደበቂያ ሳጥን ሰጧቸው፣ ለከፊሎቹ አልሰጧቸውም። ሳጥን ያገኙት በቀናት ውስጥ ነው ከሌሎቹ በግልጽ የተረጋጉት። መደበቂያ ያላት ድመት ናት ቶሎ ደፍራ የምትወጣው። ሻንጣውን አሁን አትንኪው። ካርቶኑን ከአልጋው አጠገብ አድርጊና እሷ ራሷ ትምረጥ።

አሁን ስለ አደጋው። ድመት 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልበላች ክሊኒክ ደውዪ፤ ሁለተኛ ቀን ድረስ እስቲ ልያት ብለሽ አትጠብቂ። ሲራቡ የሰውነት ስብ ጉበታቸው ላይ ይከማችና ይታመማሉ፣ ወፍራሞቹ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በየጠዋቱ ስንት እንደበላች መዝግቢ። (ወንድ ድመት ያለው ሰው ይህን ካነበበ፦ ሊተር ላይ ተቀምጦ እያማጠ ሽንት እምቢ ካለው በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ሩጡ፣ እስኪነጋ አይቆይም።)

ስለ ወተቱ፣ ለእናትሽ በአክብሮት ንገሪያቸው። አገር ቤት ሁላችንም ወተት እየሰጠን ነው ያደግነው፤ ግን አብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች ወተት አይፈጭላቸውም፣ ተቅማጥ ያመጣባቸዋል። ከወጥ ደግሞ ጭራሽ እንዳትቀምስ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደማቸውን ይጎዳል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። ቡና ስትቆሉና ዕጣን ስታጨሱ የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ፣ ሳሎን መስኮት ክፈቱ፤ ጭሱ ለሳንባዋም ጥሩ አይደለም። እንግዳ አበባ ይዞ ከመጣም ሊሊ እንዳይሆን፤ ብናኙ እንኳን የድመት ኩላሊት ይገድላል።

የሌሊት ፈረቃ

እኔ ሲያትል ነኝ። ያንቺን ሳነብ የራሴን ዓመት አስታወሰኝ። የኔ ጥቁር ወንድ ነው፣ እሱ ከቁምሳጥን ኋላ ነበር የገባው። ሙሉ በሙሉ እስኪላመድ 11 ሳምንት ፈጀ። በ4ኛው ሳምንት ልመልሰው ስልክ አንስቼ ነበር፣ እውነቴን ነው የምልሽ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልደወልኩም።

የረዳኝን ልንገርሽ። ከሥራ የምገባው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ልብሴን ቀይሬ ከቁምሳጥኑ ሁለት ሜትር ያህል ርቄ ወለሉ ላይ፣ ጀርባዬን ለሱ ሰጥቼ እቀመጣለሁ። የጠዋት ጸሎቴን እዚያው ዝግ ባለ ድምፅ አደርሳለሁ። አልጠራውም፣ አላየውም፣ እጄን አልዘረጋም። ሃያ ደቂቃ ያህል፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት። ድምፄን ለመደ። በ5ኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ካልሲዬ ላይ አንድ ነገር ነካኝ። ቀና ሳልል በጎን ሳይ አንድ መዳፉን ብቻ አውጥቶ የአውራ ጣቴን ጫፍ እየነካ ይመልሳል፣ ነካ ያደርግና ይመልሳል። ትንፋሼን ይዤ ነው ያሳለፍኩት።

ልጅሽ መጥራቷን ትተው። ፍቅሯ ይገባኛል፣ ለድመቷ ግን ወለል ላይ ተጋድሞ ፊት ለፊት የሚያፈጥ ፍጡር አደን የመጣ ነው የሚመስላት። ዓይን ማፍጠጥ ለነሱ ማስፈራራት ነው። ይልቅ እንዲህ አስተምሪያት፦ ዓይን ለዓይን ከተገጣጠሙ ቀስ ብላ ዓይኗን ትክደን፣ ቀስ ብላ ትግለጥ፣ ከዚያ ፊቷን ታዙር። በእንግሊዝ የሰሴክስና የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2020 ያወጡት ጥናት አለ፤ ሰው ቀስ ብሎ ዓይኑን ሲያጠብላቸው ድመቶቹ በብዛት መልሰው ያጠባሉ፣ የማያውቁት ሰው እንኳን ቢሆን ይበልጥ ይቀርቡታል። እኔ ጥናቱን ከማወቄ በፊት ነው የሞከርኩት። ይሠራል።

ምግብን መንገድ አድርጊው። ሳህኗን በየቀኑ አንድ ስንዝር ብቻ ወደ ውጭ ሳቢ። አንድ ቀን ካልበላች ወደ ትናንቱ ቦታ መልሺ። እንደ ቅባት የሚላስ፣ በትንሽ ቱቦ የታሸገ የዶሮ ወይም የቱና ምግብ አለ፣ ቹሩ የሚባለው ዓይነት። በረጅም ማንኪያ ጫፍ ስጫት፣ እጅሽ ርቆ ይቆይ። ልታጫውቻት ከፈለግሽም ማለዳና ወደ ማምሻው ሞክሪ፤ ድመት በተፈጥሮዋ የምትነቃው ያኔ ነው። ክር የታሰረበት ዱላ በቂ ነው።

ባልሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የቧጨረችው እሱን ነው አይደል? እንግዲህ ማታ ማታ ምግቧን የሚያቀርብላት እሱ ይሁን። ሳህኑን አስቀምጦ ምንም ሳይል ይውጣ። የኔ ድመት ወንድሜን ጠልቶት ነበር፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ስለወሰደው፤ በዚህ መንገድ ነው የታረቁት። እሱም የሚሠራው ነገር ሲያገኝ "ትመለስ" ማለቱን ይተዋል።

እማማ ከነታንያ

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል፣ ተባረኩ። እኔ ግን አንድ የማልስማማበት አለኝ።

እኔ ጎንደር ገጠር ነው ያደግሁት። ድመት የእህል ጎታ ጠባቂ ነበረች፣ ማንም አልጋ ሥር ፈልጓት አያውቅም። እዚህ እስራኤል መጥቼ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ድመት በሆነበት አገር፣ አንዷን ክረምት ላይ ቤት ያስገባኋት። አልጋ ሥር ገባች። ሁሉም ሰው ተዪያት አለኝ፣ ተውኳት። 5 ወር ኖረችበት! ጨለማው ተስማማት፣ ለምን ትውጣ? በኋላ ልጄ ነው ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ከጥግ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ እያስገባ ቦታውን ያጠበበው። ለካርቶኗ ብቻ ቦታ ቀረ። ያኔ ካርቶኗ ውስጥ ገባች፣ ከካርቶኑ ደግሞ ሰው ታያለች፣ ሰውም ያያታል። ከዚያ በኋላ ሳምንት አልፈጀባትም። ስለዚህ አልጋ ሥሩን ለዘላለም አትተዉላት ነው የምለው።

ሌላው፣ እናትሽን አትቆጪያቸው። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉት እሳቸው ናቸው አይደል? ከሁላችሁም የበለጠ የሚጠቅሙሽ እሳቸው ናቸው። ምስር ይዘው እዚያ ክፍል ገብተው ይልቀሙ። ጥጥም ካላቸው ይፍተሉ። እጁ ሥራ የያዘ፣ ዓይኑ ወደ ሰፌዱ ያጎነበሰ ሰው ድመት አትፈራም። ያቺ ምስኪን የለመደችው ሽማግሌ ሰው ነው አላልሽም? የአሮጊት እርጋታ ነው የናፈቃት።

ከአሌክሳንድሪያ

እማማ፣ ልክ ነዎት፤ እኔም የአልጋውን ሥር ለሁልጊዜ ክፍት ይሁን አላልኩም። ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ካርቶኑን ትልመድ፤ ሌሊት ገብታ እንደተኛችበት ጸጉሯን አይታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው ማጥበቡ የሚጀመረው። እሷ ከውስጥ እያለች ደግሞ በጭራሽ አይዘጋም፣ ሌሊት ለመብላት ስትወጣ ነው። ያንን ጠብቃችሁ ካደረጋችሁ የእማማ ዘዴ ጥሩ ነው፣ እኛም ክሊኒክ እንመክረዋለን። እናትሽ ምስር ይልቀሙ ያሉትን ግን እኔም አላሰብኩትም ነበር፣ በጣም ወድጄዋለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

አምላክ ያክብርልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ 14ኛ ቀናችን ነው። ያላችሁኝን አድርጌያለሁ። ካርቶኑ ውስጥ የሥራ ሹራቤን አስገባሁ፣ ትናንት ጠዋት ሹራቤ ላይ ግራጫ ጸጉር አገኘሁ! ባለቤቴ ማታ ማታ ምግቧን ይዞ ይገባል። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ ትናንት ግን ሲወጣ "ዛሬ አልሸሸችም፣ ዓይኗን ብቻ ነው ያዞረችው" ብሎ ነገረኝ፣ ፊቱ በርቶ። እናቴ ከእማማ የተጻፈውን ሳነብላት "እኒህ ሴት ያውቃሉ" አለችና በማግስቱ ሰፌዷን ይዛ ገባች።

አሁን ግን ሌላ ጭንቀት መጣ። ከትናንት ጀምሮ ታስነጥሳለች፣ አንድ ዓይኗም ውኃ ያወጣል። ትንሽ ትንሽ ትበላለች። ልጄ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ከሷ ተላልፎባት ይሆን? እናቴ ለልጄ ከተሰጠው የትኩሳት ሽሮፕ ጠብታ ልስጣት ትላለች።

ከአሌክሳንድሪያ

አትስጧት! እባክሽ፣ ይህን አሁኑኑ ለእናትሽ ንገሪ። ታይለኖል፣ ፓራሲታሞል፣ ስሙ የፈለገው ይሁን፣ ለድመት መርዝ ነው። ትንሽ መጠን ይገድላታል። የሰው መድኃኒት የሚባል ምንም አይሰጣት።

ከልጅሽ አይመስለኝም። ከመጠለያ የሚመጡ ድመቶች ላይ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕመም በጣም የተለመደ ነው። አንዱ ምክንያት የድመት ሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ አንዴ ከያዛቸው ውስጣቸው ተኝቶ ይቆይና ሲጨነቁ ይነሳል። ቤት መቀየር ደግሞ ትልቅ ጭንቀት ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚያሳስበኝ አፍንጫዋ ሲደፈን ሽታ ታጣለች፣ ሽታ ያጣች ድመት ምግብ ትተዋለች። ስለዚህ ነገ ሐኪም ይያት። መጠለያ ደውለሽም ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሚነሳ ሕመም ነጻ ሕክምና አላቸው።

እስከዚያው እርጥብ ምግቧን ለብ አድርጊላት፣ ሽታው ይጎላል። ዓይኗን በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ በራሰ ጥጥ ጥረጊ፣ ከፈቀደች ብቻ። ወደ ሐኪም ለመውሰድ መያዣ ሳጥኗን አሁኑኑ አምጪና ክፍት አድርገሽ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጪው፣ ውስጡ ቹሩ አድርጊበት። በመጨረሻዋ ደቂቃ እያሳደድሽ ብትጨምሪያት ሁለት ሳምንት የደከምሽበት ይፈርሳል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ጠፍቼ ቆየሁ፣ ይቅርታ። ዛሬ 6ኛ ሳምንታችን ነው።

ሐኪሟ የዓይን ጠብታና የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠቻት፣ በሳምንት ውስጥ ማስነጠሱ ቆመ። ወደ ክሊኒኩ ራሷ ሳጥኗ ውስጥ ገብታ እየላሰች ሳለ ነው በሩን የዘጋነው። ስንመለስ ሁለት ቀን ተኮራርፋን አልጋ ሥር ነበረች፤ በ3ኛው ቀን ካርቶኗ ውስጥ ገባች። ከዚያ ባለቤቴ ብርድ ልብሱን አንድ አንድ እያለ አስገባ።

ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ግን ልንገራችሁ። እናቴ ወለሉ ላይ ጋቢዋን ለብሳ ምስር እየለቀመች ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ድመቷ ከካርቶኑ ወጣች፣ በቀን፣ በብርሃን። ሆዷ ወለሉን እየነካ ቀስ እያለች መጥታ የጋቢውን ጥለት አሸተተችው። እናቴ ጠጠር ሰፌዱ ጫፍ ላይ ስትጥል ድምፁ ቀጭ አለ፣ ድመቷ ደንግጣ ወደኋላ አለች፣ ግን አልሮጠችም። ተመልሳ መጣች። ጋቢው እናቴ ጭን ላይ የታጠፈበት ቦታ ላይ በፊት እግሯ ሁለቴ ረገጥ ረገጥ አደረገችና ተጠቅልላ ተኛች። እናቴ እጇን አላነሳችም፣ ምስሩንም አልለቀመችም፣ ዝም ብላ ተቀመጠች። ቆይቶ ከጉሮሮዋ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ይሰማ ጀመር። እናቴ እንባዋ መጣ፣ እኔም።

ልጄ አሁን አትጠራትም። አጠገቧ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ትከድናለች። ድመቷ ስትመልስላት ቁጥሩን ደብተሯ ጀርባ ላይ ትጽፋለች፤ ትናንት 14 ደርሷል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እናቴ በሚቀጥለው ዓርብ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች፣ ያ ሻንጣም አብሯት ይሄዳል። ድመቷ በአንድ ቀን ሁለቱን ስታጣ ወደ መደበቋ እንዳትመለስብኝ ፈራሁ።

እማማ ከነታንያ

ልጄ፣ ጋቢውን አስቀሪው። ለእናትሽ ሌላ ግዢላቸው። እንዳታጥቢው ብቻ፣ እንዳለ ካርቶኑ ውስጥ አንጥፊላት።

ከአሌክሳንድሪያ

እማማ ያሉትን አድርጊ። ሻንጣውን ደግሞ ዓርብን ሳትጠብቂ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ በሩ ሳቢው፣ ቦታው ላይ እሱን የሚያህል ባዶ ካርቶን ተኪ። ባለቤትሽም ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እናትሽ በሚቀመጡበት ሰዓት አብሯቸው ይቀመጥ፤ ሲሄዱ ቦታውን እሱ ይይዛል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

ሻንጣውን አሁን አንድ ስንዝር ሳብነው። ከካርቶኗ አንገቷን አውጥታ አየችን፣ አልወጣችም፣ አልሸሸችም። ባለቤቴ ነገ ከሥራ ቀደም ብሎ ሊገባ ነው።